ላልሞተ ሰው የተተከለ ድንኳን

፩

«ሥነ ሥርዓት!» አሉ አቶ ይርዳው፣ አንድ እጃቸው ሸሚዙ ውስጥ ገብቶ ሌላው ውጭ እንደ ቀረ። «አጀንዳ ሳይጸድቅ ወደ ሥራ አይገባም።»

«አጀንዳ አንድ፣ ሸሚዝ» አለች አስካለ። «አጀንዳ ሁለት፣ ቁርስ። አጀንዳ ሦስት፣ መድኃኒት።»

«ልዩ ልዩስ?»

«ልዩ ልዩ፣ ሽንት ቤት።»

«ልዩ ልዩ ወደ መጀመሪያ ይምጣ» አሉና ተነሡ። ሁለተኛው እጅጌ ከኋላቸው እየተንጠለጠለ ተከተላቸው።


፪

ታሪኩን በወግ በማዕርግ፣ በመግቢያ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አቶ ይርዳው ቀደሙኝ። እሳቸው ባሉበት ቤት ዕድል ሳይሰጥ መናገር አይቻልም። አሁን ሽንት ቤት ስለ ገቡ ልናገር።

አቶ ይርዳው ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል እየለቀሙ ሲደረድሩ የኖሩ፣ በጉብዝናቸው ዘመን ደግሞ የሠራተኛ ማኅበሩን በሊቀ መንበርነት የመሩ ሰው ናቸው። ለሌሊት ፈረቃ ሻይ፣ ለወላድ ፈቃድ፣ ለሁሉም እሑድ እያሉ ከአሠሪ ጋር ሲሟገቱ ጠጉራቸው ሸበተ። አሁን የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። ሚስታቸው የተቀበሩበትን ቦታ ረስተዋል። የሚኖሩበትን ብሎክ ረስተዋል። ባለፈው ክረምት የልጃቸው ስም ጠፋባቸውና «ማነሽ» ይሏት ጀመር። የስብሰባ ሥርዓትን ግን አንዲት ነጥብ አልረሱም።

አስካለ ያቺ «ማነሽ» ናት። ከቤት ሆና ጽሑፍ ትተረጉማለች። በዚህ ሰሞን እጇ ላይ ያለው፣ ሴቶች ቤት ውስጥ ያለ ደመወዝ ስለሚሠሩት ሥራ የሚያትት ወፍራም የሥልጠና መጽሐፍ ነው። «እንክብካቤ የኅብረተሰቡ የጋራ ኃላፊነት ነው» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ከወደ መኝታ ቤት ዱብ የሚል ድምፅ ሰማች። ሮጣ ስትገባ አባቷ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቁጭ ብለው «ፈረቃው አልቋል፤ በሩን ክፈቱልኝ» ይላሉ። መጽሐፉን የምታስረክብበት ቀን አልፏል። ለምን እንደ ዘገየች ለአሠሪዎቿ ስትጽፍ «በግል ጉዳይ» አለች።

እኔ ብሆን አልስቅም ነበር። እሷ ግን ጽፋ ስትጨርስ ብቻዋን ከት ብላ ሣቀች።


፫

አይዞሽ።

(ወንድሟ ታምራት፣ ከሐዋሳ፣ በስልክ። ቀጥሎ «ኔትወርኩ ተቆራረጠ» ይላል። እሷ ጥርት አድርጋ ትሰማዋለች።)

አይዞሽ።

(ጎረቤት፣ ደረጃ ላይ፣ እርምጃውን ሳያቆም።)

አይዞሽ።

(ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።)

አይዞሽ።

(እኔ፣ ይህን የምጽፈው። እኔም ከዚህ ሌላ የሰጠኋት የለም።)

አይዞሽ ክፉ ቃል አይደለም። በአማርኛ ካሉን ቃላት ሁሉ እንደሱ ደግ ያለም አይመስለኝ። ነገር ግን እስካሁን አይዞሽ ብሎ ወንበር ስቦ የተቀመጠ ሰው የለም።


፬

አስካለ የምትፈልገው

እሑድ።

ከምሳ በኋላ።

ብቻዋን።

ይኸው ነው። ሌላ የተደበቀ ምኞት፣ የተረሳ ፍቅር ምናምን እዚህ ውስጥ አይፈለግ፤ ደክመን ነው የምንቀረው። እሑድ ከምሳ በኋላ በሩን ከውጭ ዘግታ፣ እስኪመሽ ድረስ የማንም ሳትሆን መዋል ነው የፈለገችው። ለዚህ ደግሞ ከአባቷ ጋር የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋታል።

አንድ ጊዜ ሠራተኛ ቀጥራ ነበር። አቶ ይርዳው ልጅቷን አስቀምጠው የሥራ ውሏን ጠየቋት። የለኝም አለቻቸው። «ያለ ውል የሚያሠራ አሠሪ ሌባ ነው፤ እኔ ቤት አይሆንም» ብለው በሩን ከፈቱላት፤ ደረጃው ድረስም ሸኟት። ሁለተኛዋም እንደዚሁ። ሦስተኛዋን ውል አስፈርማ ብታመጣላቸው አንቀጽ በአንቀጽ አንብበው ሲያበቁ፣ «የዓመት ፈቃዱ አንሷል» አሉና ማኅበሩ ጉዳዩን እስኪመረምር ልጅቷ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ወሰኑ።


፭

የእድሩ ደንብ፣ ባጭሩ

ሰው ሲሞት፦ ቦጋለ ድምፅ ማጉያውን ይዞ በብሎኮቹ መካከል እየዞረ ይለፍፋል። ድንኳን ይተከላል፤ ሦስት ቀን ሳይሞላም አይነቀልም። አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሃን ከግምጃ ቤት ይወጣል። አባላት ሦስት ቀን ተራ ገብተው ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። ያልመጣ ይቀጣል።

ሰው በሕይወት ሲኖር፦





ከላይ ያለው ባዶ ቦታ የኅትመት ስሕተት አይደለም። ደንቡም ላይ እንዲሁ ነው።


፮

ከእድሩ ኮሚቴ ስብሰባ፣ ቃል በቃል

(ያሉት፦ ሊቀ መንበሩ መቶ አለቃ በላቸው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያዙት እድሩን ብቻ ነው። ገንዘብ ያዧ እትዬ በለጡ፣ ከአስካለ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። አስካለ።)

መቶ አለቃ፦ እድር ለሞት ነው፣ ልጄ።

አስካለ፦ አባቴ ሲሞቱ ስንት ሰው ይመጣል?

መቶ አለቃ፦ ምን ጥያቄ አለው! አባሉ በሙሉ! አንድ ሰው ቢቀር እኔን አያድርገኝ።

አስካለ፦ ያኔ መምጣታችሁን አያውቁም። ዛሬ ብትመጡ ቢያንስ ስማችሁን ይጠይቋችኋል።

እትዬ በለጡ፦ (ሣቁ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።)

አስካለ፦ ለለቅሶው የምትቀመጡትን ለኔ በየእሑዱ ከፋፍላችሁ አስቀድሙልኝ ነው የምለው። አንድ እሑድ አንድ ሰው። ከምሳ እስከ ምሽት።

መቶ አለቃ፦ እሺ፣ የት ልትሄጂ ነው? ቤተ ክርስቲያን?

አስካለ፦ አይደለም።

መቶ አለቃ፦ ሐኪም ቤት?

አስካለ፦ አይደለም።

መቶ አለቃ፦ ሠርግ ነው? ለቅሶ ነው?

አስካለ፦ አይደለም።

መቶ አለቃ፦ ታዲያ ምን ልትሠሪበት?

አስካለ፦ ምንም።

(መቶ አለቃ እስክሪብቶአቸውን ያስቀምጣሉ።)

መቶ አለቃ፦ ለምንም ሰው አናሰማራም።

እትዬ በለጡ፦ ኧረ መቶ አለቃ፣ ለአባላቱ ይቅረብላት። እኛ ብቻችንን ምን ቤት ነን?

መቶ አለቃ፦ ይቅረብ። እሑድ ጠዋት። እኔ ግን ተናግሬያለሁ።

(ቤተ ክርስቲያን ብትል ኖሮ ያን ዕለት ተፈቅዶላት ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እኔም ጆሮዋ ሥር «በይው፣ ምናለበት» ብያታለሁ። አልሰማችኝም። ደረጃውን ስትወጣ ግን ተናደደች፤ ከንዴቷም ብዛት የራሷን ፎቅ አልፋ ሄደች። አባቷ የሰው ልጅ ሁሉ እሑድ ይገባዋል ሲሉ አሠሪው ምን ልትሠሩበት ነው ብሎ ጠይቆ እንደ ነበር፣ እሳቸውም ምን ብለው እንደ መለሱ በልጅነቷ ሰምታለች። «እሱን ለእኛ ተወው» ነበር ያሉት።)


፯

ስሕተቱ እንዴት እንደ ተሠራ

ቅዳሜ ማታ መቶ አለቃ ለቦጋለ ደወሉለት።

«ስለ አቶ ይርዳው ነው» አሉት። «ነገ በጠዋት አባላቱን ጥራ።»

ዘጉ። ወታደር ትእዛዝ አያብራራም።

ቦጋለም ምስኪን፣ እድሩ ከተቋቋመ ጀምሮ የሰው ስም ተጠርቶ «አባላቱን ጥራ» ሲባል ያ ሰው ሳይሞት የቀረበት ጊዜ የለም። እንዴት ሞቱ ብሎ መጠየቅም የሱ ሥራ አይደለም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ትንሽ አለቀሰ። አቶ ይርዳውን ይወዳቸው ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ባለፈ ቁጥር ከሰገነታቸው ላይ ሆነው «ድምፅህ ጥሩ ነው፣ መፈክርህ ግን አጭር ነው» ይሉት ነበር። ሊነጋጋ ሲል ድንኳን ተካዮቹን ቀስቅሶ፣ «ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉት፤ እሳቸው ጠማማ ነገር አይወዱም ነበር» አላቸው።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን አነሣ። መፈክሩንም ረዘም አደረገው።

«የእድራችን አባል፣ የሠራተኛው ጠበቃ፣ የሥነ ሥርዓት አባት የነበሩት አቶ ይርዳው ስላረፉ፣ አባላት በሙሉ ወደ ድንኳኑ እንድትመጡ!»


፰

አስካለ በዚያ ሰዓት የአባቷን ገላ እያጠበች ነበር። የውኃው ድምፅ ሁሉንም ዋጠው፤ «አባላት በሙሉ» የምትለዋ ብቻ ደረሰቻት። ልብስ ልታሰጣ ወደ ሰገነቱ ስትወጣ ድንኳን አየች።

ከእነርሱ ብሎክ ፊት ለፊት። ቀጥ ያለ።

«ኧረ በስመ አብ፣ ማን ይሆን?» አለች። አንድ በአንድ የጎረቤቱን በር በልቧ አንኳኳች። የታመመ አላስታወሰችም። የዛሬው ስብሰባዋ ቀረ ማለት ነው፤ ይህን በማሰቧ ደግሞ አፈረች። ለቅሶ መቅረት ነውር ነው፤ ያስቀጣልም። ቶሎ ብላ ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ከዚያ መሐል ቤት ላይ ቆመች። ለቅሶ ስትሄድ አባቷን ለማን ትተዋለች?

ለቅሶ ደርሳ እስክትመለስ እንኳ አባቷን የሚይዝላት ሰው አልነበራትም።

በሩ ተንኳኳ።


፱

በር ላይ፣ ቃል በቃል

እትዬ በለጡ፦ ወይኔ! ወይኔ ጋሽ ይርዳው! ወይኔ የሰው መጨረሻ!

(ከኋላቸው ያሉት ሴቶች እሪ ይላሉ። በሩ ከውስጥ ይከፈታል።)

አቶ ይርዳው፦ ደህና አደራችሁ። ግቡ፣ ግቡ። ማን ሞቶ ነው?

(አንዷ ደረጃው ላይ ዝርፍጥ ትላለች።)

እትዬ በለጡ፦ እ… እርስዎ።

አቶ ይርዳው፦ እኔ? መቼ?

እትዬ በለጡ፦ ሌሊት ነው የሚሉት።

አቶ ይርዳው፦ ለእኔ የነገረኝ የለም።

እትዬ በለጡ፦ ለእኛም አሁን ነው የተነገረን።

አቶ ይርዳው፦ (ባርኔጣቸውን ከመስቀያው ያነሣሉ።) ነፍስ ይማር። በሉ እንሂዳ፤ ከቀብር መቅረት ደግ አይደለም።

በዚህ መሐል አስካለ በጥቁር ቀሚስና በተዘቀዘቀ ነጠላ ከኋላቸው ብቅ አለች። ሟቹን በዓይናቸው በብረቱ እያዩ ያሉት ሴቶች፣ እሷን ሲያዩ እንደ ገና እሪ አሉ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ?


፲

ድንኳኑ ውስጥ አቶ ይርዳው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ፊታቸውን እያየ፣ ዓይኑን እያሸ፣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማን ደፍሮ ይነሣል? ቀባሪው መጥቷል፣ ወንበሩ ተደርድሯል፣ ንፍሮው ተጥዷል። እሳቸውም ግራ መጋባቱን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ስብሰባውን ያዙት።

«ስለ ሟቹ የሚናገር እጁን ያውጣ።»

ቦጋለ፦ «ትሑት ሰው ነበሩ።»¹

የሦስተኛ ፎቁ ጎረቤት፦ «እንደ አባቴ ነበር የማያቸው። ሁልጊዜ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር።»²

እትዬ በለጡ፦ «እኔ ምን እላለሁ? አንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን ያንን በር ያንኳኳሁት ዛሬ ነው። ሞቱ ሲሉኝ።»³

«ጥሩ ሰው ነበር ማለት ነው» አሉ አቶ ይርዳው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። በእውነት አዝነው ነበር። «በሕይወት እያለ ባውቀው ጥሩ ነበር።»

———

¹ አልነበሩም።

² አንድ ጊዜ፣ የውኃ ታንከሩን ቁልፍ ሊጠይቅ።

³ ይኸኛው ማስታወሻ አያስፈልገውም።


፲፩

መቶ አለቃ በላቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንኳኑን አዩ፤ ገቡ፤ አቶ ይርዳው ንፍሮ ሲዘግኑ አገኟቸው። የተፈጠረውን ሲሰሙ ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«ቦጋለ! ሞቱ ብዬሃለሁ?»

«አልሞቱም አላሉኝማ!»

«ይነቀል! ድንኳኑ አሁኑኑ ይነቀል!»

ተካዮቹ ገመዱን ያዙ። አስካለ ተነሣች።

«መቶ አለቃ፣ ደንቡ ምን ይላል? ድንኳን ከተተከለ ሦስት ቀን ሳይሞላ አይነቀልም፣ አባላትም ተራ ገብተው ይቀመጣሉ ይላል።»

«ሰው ከሞተ ነዋ!»

«የድንኳኑ አንቀጽ ላይ እሱ አልተጻፈም» አሉ እትዬ በለጡ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እኔም ነበርኩ ሲጻፍ። ሳይሞት የሚተከልለት ይመጣል ብለን መች አሰብን?»

ድንኳኑ ውስጥ ሣቅ ተነሣ። በለቅሶ ቤት የሚሣቅ ሣቅ ታፍኖ ነው የሚወጣው፤ ይኼኛው ግን አልታፈነም። አስካለ ጊዜውን አላባከነችም። ለኮሚቴው ያለችውን ለሁሉም ደገመችው። አንድ እሑድ፣ አንድ ሰው፣ ከምሳ እስከ ምሽት። ለእሷ ብቻም አይደለም፤ ነገ የሌላ እናት ትወድቃለች፣ የሌላ ባል ይታመማል፣ ያኔም እንዲሁ ይደረግ አለች።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አሉ እትዬ በለጡ።

«ሎሚው ጥሩ!» አሉ መቶ አለቃ። «እሷ ግን ምን ልትሠራበት ነው? ለአባላቱ ትንገራቸው! እስኪ ንገሪያቸው!»

አስካለ ሰዉን አየች። ሰዉ እሷን አየ። ቤተ ክርስቲያን በይ፣ አልኳት እንደ ገና።

«ምንም» አለች።

አጉረመረሙ። ከኋላ አንድ ሰው፣ «እኛም እኮ ምንም መሥራት እንፈልጋለን፤ ማን ይቀመጥልናል?» አለ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀለት። ነገሩ ሊበላሽ ነው ብዬ ፈራሁ። የጻፍኩት እኔ ሆኜ ሳለ ፈራሁ።

«ሥነ ሥርዓት!»

አቶ ይርዳው ተነሥተው ነበር። ንፍሮውን ከእጃቸው ላይ አራገፉ። ከዘራቸውን ወደ አስካለ ቀሰሩ።

«ይችን ሴት አውቃታለሁ» አሉ።

አስካለ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበች።

«ስሟ ጠፍቶብኛል፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ግን እኔ ጋ ነው የምትሠራው። ጠዋት ስነሣ አለች። ማታ ስተኛ አለች። ሌሊት ስደናበርም መብራት የምታበራው እሷ ናት። ፈረቃ የሚቀይራት ሰው አላየሁም። የዓመት ፈቃድ የላትም። እሑድ የላትም። ደመወዟን ማን እንደሚከፍላት ጠየቅኋት፤ ‹ቁርስዎን ይብሉ› አለችኝ።» ዙሪያውን ቃኙ። «እኔ ሊቀ መንበር ሳለሁ የማተሚያ መኪናው እንኳ በሳምንት አንድ ቀን ይቆም ነበር፤ ዘይት ይጠጣ ነበር። ቆሞ ምን ይሠራል ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።»

«አቶ ይርዳው!» አሉ መቶ አለቃ፤ ድምፃቸው ለስልሶ ነበር። «አቶ ይርዳው፣ ሠራተኛ እኮ አይደለችም። ልጅዎ ናት።»

አቶ ይርዳው ከዘራቸውን አወረዱ። አስካለን አዩአት። ረዥም ጊዜ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ጽሑፍ እንደሚያነቡ ሁሉ፣ አዩአት።

«ልጄ ናት?» አሉ።

«ልጅዎ ናት።»

«እንዲያማ ከሆነ የባሰ ነው።»

ተካዮቹ ገመዱን ለቀቁ።

«ድምፅ ይሰጥ» አሉ አቶ ይርዳው። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ።» ቀድመው የራሳቸውን አወጡ።

ስንት እጅ እንደ ወጣ አልቆጠርኩም። ከኋላ ያጉረመረመው ሰውዬም አወጣ። መቶ አለቃ በመጨረሻ አወጡና፣ «ተቃውሞዬ ግን ይመዝገብልኝ። የመጀመሪያው እሑድም የእኔ ይሁን» አሉ።


፲፪

አስካለ አለቀሰች።

ጥቁር ለብሳ ድንኳን ውስጥ ስለነበረች ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።


፲፫

ድንኳኑ በደንቡ መሠረት ሦስት ቀን ቆመ። አባላቱ ተራ ገብተው ተቀመጡ። አቶ ይርዳው ጠዋት ጠዋት ለብሰው ይወርዳሉ፤ ነፍስ ይማር ብለው ይቀመጣሉ፤ ካርታም ይጫወታሉ። ታምራት መርዶ ደርሶት ከሐዋሳ እያለቀሰ በሌሊት መኪና መጥቶ፣ አባቱ ካርታ አሸንፈው ሲሥቁ ደረሰ። መጀመሪያ አቀፋቸው፣ ቀጥሎ ተናደደ፣ ቀጥሎ ደግሞ አፍሮ ወጥ ቤት ገባና ሰሃን አጠበ። እስካሁን ሰሃን ሲያጥብ ያየው ሰው አልነበረም። ሁለቱን ሰበረ።

አስካለ የት ነበረች?

ተኝታ።

እባክዎ ይህን ቁጥር ቀስ ብለው ይለፉት።


፲፬

በቀጣዩ እሑድ መቶ አለቃ በላቸው ከምሳ በፊት ደረሱ። ሱፍ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው። ሰው ቤት የሚሄዱት ለለቅሶ ብቻ ስለነበር ሌላ አገባብ አያውቁም፤ በር ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።

«አሜን» አለች አስካለ። ምን ትበል?

ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ወጣች። ተመለሰች፤ የመድኃኒቱን ቦታ አላሳየቻቸውም። ወጣች። ተመለሰች፤ የጋዙን ነገር። ወጣች። ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ ላይ ቀሰረች። ምንም አልተሰማም። ምንም ስላልተሰማ ተመለሰች።

«አስካለ» አሉ መቶ አለቃ፣ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው። «እኔ ሙሉ ሻለቃ ጦር ሌሊቱን ስጠብቅ ያደርኩ ሰው ነኝ።»

«ምንም አይሆኑም አይደል?»

«እሳቸው ወይስ እኔ?»


፲፭

ለተረኛ (አስካለ በሩ ላይ ቆማ በቃሏ ያለችው)

ሲገቡ አጀንዳ ያስይዙ። አጀንዳ ሳይጸድቅ አባቴ ምንም አይበሉም።

ሸሚዛቸውን ካወለቁ አድማ ላይ ናቸው ማለት ነው። አይታገሏቸው፤ ይደራደሩ። ሙዝ ጥሩ መደራደሪያ ነው።

እናቴን ከጠሩ ገበያ ሄዳለች ይበሏቸው። ሞታለች አይበሏቸው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚያለቅሱት።

ካለቀሱ ለምን ብለው አይጠይቁ። እጃቸውን ይያዙ።

ያቺ ሴት የት ሄደች ካሉ…

(እዚህ ላይ ቆመች። እሱን እንጃ፣ አለችና ወረደች።)


፲፮

ተከትያት ወረድኩ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከተላት ነው የቆየሁት። ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ስትተረጉም በትከሻዋ ላይ አጮልቄ አንብቤያለሁ፤ ስታለቅስ አይቻለሁ፤ ተኝታ እንኳ አልተውኳትም፣ ቁጥር ሰጥቻታለሁ። አንባቢውንም አስከትዬ። እኛም እንደ አባቷ ከዓይናችን እንድትርቅ አንወድም።

ዋናው በር ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

«እስከ የት ነው?» አለችኝ።

«የት እንደምትሄጂ ልጽፍ ነዋ። ሰው እዚህ ድረስ አንብቦ። ምን ልትሠሪ ነው? ቢያንስ ለእኔ?»

ፈገግ አለች። የምትመልሰውን አውቀዋለሁ። እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል።

ቆምኩ። እሷ ሄደች። ወደ ቀኝ ታጠፈች ወይስ ወደ ግራ፣ ታክሲ ያዘች ወይስ በእግሯ፣ አላየሁም። ፊቴን አዙሬ ነበር።


፲፯

አስካለ፣ እሑድ ከምሳ በኋላ











፲፰

ወደ ላይ ስመለስ መቶ አለቃ በአጀንዳ ሁለት ላይ በድምፅ ብልጫ ተሸንፈው ሻይ ሊያፈሉ ወጥ ቤት ገብተዋል። ስኳሩን አላገኙትም፤ ቁም ሣጥን ሲከፍቱና ሲዘጉ ይሰማል።

ሳሎን ውስጥ አቶ ይርዳው ብቻቸውን ናቸው። ከጎናቸው ወንበር አለ።

ይቀመጡ።

አዎ፣ እርስዎ። እስካሁን ቆመው ነው ያነበቡት። ባርኔጣዎን ያውልቁ፤ ማዘን አያስፈልግም፤ የሞተ ሰው የለም። ቁጭ ሲሉ እጅዎን ይይዙታል፤ አይደንግጡ። እጃቸው ሞቃት ነው፤ አውራ ጣታቸው ጫፍ ላይ ፊደል የበላው ጠባሳ አለ።

«አዲስ አባል ነዎት?» ይላሉ።

ይመልሱላቸው።

«መልካም።» በሩን ያያሉ። መስኮቱን ያያሉ። ከዚያ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ይመጣል፤ ከሩቅ የመጣ፣ ይቆይ አይቆይ የማይታወቅ። እጅዎን ጠበቅ ያደርጉታል።

«ያቺ ልጄ» ይላሉ። «የት ሄደች?»

እርስዎ፦